የቱ ይበልጣል?
ስለ ፈጣን ሞተር ብስክሌቶች ታሪክ በሬዲዮ የተደረገ ንግግር



ሰው ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ባየ ጊዜ «ከሁለቱ የቱ ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። ይህ ጥያቄ በገበያ በቅሎ በሚገዛ ሰው አፍ፥ በመሥሪያ ቤት የጨረታ ወረቀት በሚመረምር ሹም ልብ፥ በትምህርት ቤት ደጃፍ በሚከራከሩ ልጆች ጨዋታ ውስጥ ዘወትር ይገኛል። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልስ ከመስጠት አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በምን ሚዛን?» የሚለው ነው። ወርቅ የሚመዝን ሰው በእህል መስፈሪያ አይመዝንም፤ ጤፍ የሚሰፍርም የአንጥረኛን ሚዛን አይዋስም። ሚዛኑን የመረጠ ሰው ፍርዱንም አብሮ መርጧል ለማለት ይቻላል።

ይህን ነገር ለማስረዳት በዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ምሳሌ ከእሽቅድምድም የተወለዱት ፈጣን ሞተር ብስክሌቶች ናቸው። በእንግሊዝ፥ በኢጣልያ፥ በጀርመንና በጃፓን ፋብሪካዎች መካከል ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ፉክክር ሚዛን ሲለወጥ አሸናፊው እንዴት እንደሚለወጥ በግልጥ ያሳያል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የመጀመሪያው ታላቅ የመመዘኛ ሥፍራ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል በባሕር ላይ የምትገኘው አይል ኦፍ ማን የምትባል ትንሽ ደሴት ናት። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ አገር ሕግ ተሽከርካሪ በሕዝብ መንገድ ላይ በሰዓት ከ20 ማይል፥ ማለት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሮጥ ይከለክል ነበር፤ መንገድ ዘግቶ መሽቀዳደምንም አይፈቅድም ነበር። ደሴቲቱ ግን የራስዋ ሸንጎና የራስዋ ሕግ ስላላት መንገዶችዋን ለውድድር ለመዝጋት ፈቀደች። እነሆ በ1907 የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ ተሽቀዳዳሚዎቹ በሁለት ክፍል ተመደቡ። ባለ አንድ ሲሊንደር በሆኑት ክፍል ቻርሊ ኮልየር በማችለስ ሞተር ብስክሌት በሰዓት 38 ማይል፥ ማለት 61 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ አሸነፈ። ባለ ሁለት ሲሊንደር በሆኑት ክፍል ደግሞ ሬም ፋውለር በኖርተን አሸነፈ፤ የኖርተኑ ሞተር ግን ከፈረንሳዩ ፋብሪካ ከፔጆ የተገዛ ነበረ።

በዚህ ውድድር ውስጥ ዛሬ ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ደንብ ነበረ። ለእያንዳንዱ ተሽቀዳዳሚ የሚሰጠው ቤንዚን በልክ የተወሰነ ነበር። ባለ አንድ ሲሊንደሩ በአንድ ጋሎን 90 ማይል፥ ባለ ሁለቱም 75 ማይል እንዲሄድ ይገደድ ነበር፤ ይህም በእኛ ስሌት በአንድ ሊትር ወደ 32ና ወደ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሚዛን ፍጥነትንና ቁጠባን በአንድነት የሚመዝን ነበረ። ይህ ደንብ ግን ብዙ ዓመት ሳይቆይ ቀረ፤ ፍጥነትም ብቻውን በዙፋኑ ላይ ተቀመጠ።

በ1911 ውድድሩ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚረዝመውና ከባሕር ጠለል በላይ ከ400 ሜትር ወደሚበልጥ ተራራ ወደሚወጣው መንገድ ተዛወረ። በዚያ ዓመት ከአሜሪካ የመጣው ኢንዲያን በዋናው ውድድር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ቦታ ጠቅልሎ ወሰደ። ምክንያቱ ምን ነበር? ኢንዲያን ባለ ሁለት ማርሽ ነበረ፤ ኃይሉንም ወደ ኋላ መንኰራኵር የሚያደርሰው በጠንካራ ካቴና ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ግን ገና በቆዳ ቀበቶ ይሠሩ ነበር። በሜዳ ላይ ያልታየው ጉድለት በዳገት ላይ ታየ። ሚዛኑ በተለወጠ ጊዜ አሸናፊውም ተለወጠ ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1949 የዓለም ሻምፒዮና ተመሠረተ። ከሁሉ በላይ በሚከበረው በ500 ሴንቲ ሜትር ኩብ ክፍል ውስጥም ሁለት ፋብሪካዎች ፊት ለፊት ተገናኙ። አንደኛው የእንግሊዙ ኖርተን ነው፤ ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደርና የቆየ ዘር ነበረ። ሁለተኛው የኢጣልያው ጂሌራ ነው፤ አራት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ተሰልፈውለት በቀጥታ መንገድ ላይ ኖርተንን ጥሎ የሚሄድ ጉልበት ነበረው። ነገሩ በፈረስ ጉልበት ብቻ ቢመዘን ኖሮ ፍርዱ ገና ሳይወዳደሩ ባለቀ ነበር።

ነገር ግን በ1950 ሬክስ ማካንድለስ የተባለ የሰሜን አየርላንድ ሰው ሞተሩንና መንኰራኵሮቹን የሚያያይዘውን የብረት አጽም ለኖርተን በአዲስ ዘዴ ሠራለት። ሃሮልድ ዳንየል የተባለው ነጂ በላዩ ተቀምጦ በሞከረው ጊዜ በላባ ፍራሽ ላይ የመቀመጥ ያህል ምቹ ነው ስላለ አጽሙ «የላባ ፍራሽ» የሚል ስም ወጣለት። ጄፍ ዱክ በዚህ ኖርተን ላይ ሆኖ ጂሌራዎቹ በቀጥታው መንገድ ያተረፉትን ጊዜ በየማጠፊያው መልሶ ይወስድባቸው ጀመር። በ1950 በአንዲት ነጥብ ብቻ ተበልጦ ሻምፒዮናውን ለጂሌራው ለኡምቤርቶ ማሴቲ ቢለቅም በ1951 አሸነፈ። ዳሩ ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ዱክ ራሱ በ1953 ወደ ጂሌራ ተሻገረ፤ በምክሩም የጂሌራ አጽም ተሻሻለ፤ ሦስት ዓመትም በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጉልበት ያለ አጽም እንደማያዋጣ ኖርተን አስተማረ፤ አጽምም ያለ ጉልበት ለዘለቄታው እንደማይበቃ ደግሞ ራሱ ተማረ።

አሁን ደግሞ ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንሻገር። ሶይቺሮ ሆንዳ ኩባንያውን ያቋቋመው በ1948 ነበር። ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ በ1954 በአይል ኦፍ ማን ውድድር እንደሚሰለፍ በይፋ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ወደ ደሴቲቱ ሄዶ በዓይኑ ሲመለከት ግን ደነገጠ። እንደ ጀርመኑ ኤን ኤስ ዩ ያሉት የአውሮፓ ሞተሮች በዚያው መጠን ከእርሱ ሞተሮች በእጅጉ የበለጠ ጉልበት የሚያወጡ ሆነው አገኛቸው። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገዶች ነበሩለት። አንደኛው አገሩ ተመልሶ «ነገሩ ያን ያህል አይደለም» ብሎ ራሱን ማታለል ነበር። ሁለተኛው መጉደሉን አምኖ የጎደለውን ለክቶ መሙላት ነበር። ሆንዳ ሁለተኛውን መረጠ፤ ከአውሮፓም ጎማ፥ ካቴናና ካርቡራቶር ገዝቶ ተመለሰ፤ መሐንዲሶቹም እየፈቱ መረመሩ።

ቃሉን ለመፈጸም አምስት ዓመት ወሰደበት። በ1959 በ125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ክፍል ተሰልፈው ነጂዎቹ ስድስተኛ፥ ሰባተኛና ስምንተኛ ወጡ፤ የቡድን ሽልማቱንም አገኙ። አሸናፊ ለመሆን ገና ሩቅ ነበሩ፤ ነገር ግን ርቀቱን በትክክል ያውቁት ነበር። በ1961 ሆንዳ በ125ና በ250 ክፍሎች ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያለውን ቦታ ሁሉ ወሰደ። ራስን ከሌላው ጋር ማወዳደር ለመኩራት ሳይሆን ለመታረም የተደረገ እንደ ሆነ ፍሬው ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለማግኘት ያስቸግራል።

እስቲ በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንመልከት። ቢ ኤስ ኤ፥ ትራያምፍና ኖርተን የዓለምን ገበያ የያዙ ታላላቅ ስሞች ነበሩ። የትራያምፍ የበላይ የነበረው ኤድዋርድ ተርነር በ1960 ወደ ጃፓን ሄዶ የሆንዳን፥ የሱዙኪንና የያማሃን ፋብሪካዎች ጎበኘ። ያየው የሥራ ፍጥነትና የመሣሪያ ጥራት አስደንግጦት ለአገሩ ሰዎች ማስጠንቀቂያ የሚሆን መግለጫ ጻፈ። መግለጫው ተነበበ፤ ፋብሪካዎቹን ግን ከነበሩበት መንገድ አላወጣቸውም። ብዙዎቹ «ጃፓኖች ትንንሾቹን ይሥሩ፤ ወጣቱ በእነዚያ ላይ መንዳት ከተማረ በኋላ ትልቁን ሊገዛ ወደ እኛ ይመጣል» ብለው ያስቡ ነበር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

በ1969 ሆንዳ ሲቢ 750 የተባለውን ለገበያ አቀረበ። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ 67 የፈረስ ጉልበት ነበረ። በፊተኛው መንኰራኵር ላይ ባለ ዲስክ ፍሬን ነበረው፤ በእግር እየረገጡ መድከም ሳያስፈልግ አንዲት ቍልፍ ሲጫኑ በሞተሪኖ ይነሳ ነበር። በእንግሊዝ በኩል ተፎካካሪዎቹ የትራያምፍ ትራይደንትና የቢ ኤስ ኤ ሮኬት ሦስት ነበሩ። እነርሱ ባለ ሦስት ሲሊንደርና ወደ 58 የፈረስ ጉልበት ያላቸው፥ በእግር ተረግጠው የሚነሱና በታምቡር ውስጥ በሚሠራ ፍሬን የሚቆሙ ነበሩ።

ከእነዚህ የቱ ይበልጥ ነበር? በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የተሰጠው መልስ ያስገርማል። በአሜሪካ በዴይቶና በ1970 ዲክ ማን የተባለው ነጂ በሆንዳ አሸነፈ። በ1971 ይኸው ሰው በዚሁ ሜዳ በቢ ኤስ ኤ አሸነፈ! በእሽቅድምድም ሚዛን ቢሆን ኖሮ እንግሊዞች ገና አልተሸነፉም ነበር። ነገር ግን ጧት ወደ ሥራው ለመሄድ የሚነሳው ገዢ የያዘው ሚዛን ሌላ ነበር። እርሱ የሚጠይቀው «ዝናብ ባለበት ቀን ይነሳልኛል ወይ? ዘይት አያፈስም ወይ? ሳይበላሽብኝ ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» የሚል ነበር። በዴይቶና ካሸነፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1973፥ የቢ ኤስ ኤ ኩባንያ ወደቀ። በዚያው ዓመት የሜሪደን ፋብሪካ እንደሚዘጋ በተነገረ ጊዜ የትራያምፍ ሠራተኞች በሩን ይዘው እንቢ አሉ፤ ኋላም ማኅበር አቁመው ፋብሪካውን ራሳቸው ያካሂዱ ጀመር። እስከ 1983 ድረስ ታግለው በመጨረሻ ተዘጋ። አለቆች ሚዛኑን ሲስቱ ዋጋውን የከፈሉት ብረት የሚሞርዱት እጆች መሆናቸውን ልብ ይሏል። የትራያምፍ ስም ከዚያ በኋላ በአዲስ ባለቤትና በአዲስ ፋብሪካ በሂንክሊ ተነሥቶ ከ2019 ጀምሮ ለዓለም ሻምፒዮናው ሁለተኛ ክፍል ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተሮችን ለማቅረብ መብቃቱን መጨመር ተገቢ ነው። የወደቀም ሚዛኑን ካስተካከለ ይነሣል።

በኢጣልያ ደግሞ ዱካቲ ለብቻው መንገድ ሄደ። ሞተር በፈጠነ ቍጥር ቫልቮቹን የሚመልሰው ሞላ መከተል እያቃተው እንደሚዘገይ የታወቀ ነው። መሐንዲሱ ፋቢዮ ታሊዮኒ ቫልቮቹን የሚከፍታቸው ብቻ ሳይሆን የሚዘጋቸውም መሣሪያ ሠርቶ ይህን ችግር አስወገደ። በ1972 በኢሞላ ከተማ በተደረገው የ200 ማይል ውድድር ፖል ስማርትና ብሩኖ ስፓጃሪ በዱካቲ አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። በ1978ም ማይክ ሄይልዉድ ከአይል ኦፍ ማን ውድድር 11 ዓመት ርቆ ከቆየ በኋላ ተመልሶ በዱካቲ በሆንዳ ላይ የተቀመጠውን ፊል ሪድን አሸነፈ።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ አዲስ ሚዛን መጣ፤ እርሱም ክብደት ነው። ነገሩን በሒሳብ እንየው። የ1969ኙ ሆንዳ ቤንዚንና ዘይት ሳይጨመርበት 218 ኪሎ ያህል ይመዝን ስለ ነበር እያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ከ3 ኪሎ በላይ ይሸከም ነበር። በ1985 የወጣው የሱዙኪ ጂ ኤስ ኤክስ አር 750 አጽሙ ከአሉሚኒየም ተሠርቶ 176 ኪሎ ሲመዝን 100 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ለአንዱ የሚደርሰው ሸክም 1 ኪሎ ከ760 ግራም ነው። በ1992 የሆንዳው መሐንዲስ ታዳኦ ባባ ፋየርብሌድ የተባለውን ባለ 893 ሴንቲ ሜትር ኩብ በ185 ኪሎ ሠርቶ ትልቅ ሞተር የግድ ከባድ አካል እንደማያስፈልገው አሳየ። በ1998 ደግሞ ያማሃ አር 1 በ177 ኪሎ 150 የፈረስ ጉልበት ይዞ መጣ። የማርሽ ሳጥኑ ዘንጎች አንዱ ከሌላው በላይ ስለ ተቀመጡ ሞተሩ አጠረ፤ በዚህም ለአንዱ የፈረስ ጉልበት የሚደርሰው ሸክም ከ1 ኪሎ ከ200 ግራም አነሰ። ከ1969 እስከ 1998፥ በ29 ዓመት ውስጥ፥ ሸክሙ ወደ ሢሶው ወረደ ማለት ነው።

ሚዛንን የሚሠሩት መሐንዲሶች ብቻ አይደሉም፤ ደንብ አውጪዎችም ናቸው። በገበያ በሚሸጡ ሞተር ብስክሌቶች የሚደረገው የሱፐርባይክ ሻምፒዮና በ1988 ሲጀመር ባለ አራት ሲሊንደር ከ750 ሴንቲ ሜትር ኩብ እንዳይበልጥ፥ ባለ ሁለት ሲሊንደር ግን እስከ 1000 እንዲሆን ተፈቀደ። ሁለት ሲሊንደር የአራቱን ያህል በፍጥነት ሊሽከረከር ስለማይችል ደንቡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ከ1990 እስከ 1999 ባሉት አሥር ዓመቶች የዱካቲ ነጂዎች ስምንት ጊዜ ሻምፒዮን በሆኑ ጊዜ «ሚዛኑ አዘንብሏል» የሚል ክርክር ተነሣ። ሆንዳ ከመከራከርም አልፎ ራሱ ባለ ሁለት ሲሊንደር 1000 ሠራና ኮሊን ኤድዋርድስ በ2000ና በ2002 ሻምፒዮን ሆነበት። በ2003 ባለ አራት ሲሊንደሩም እስከ 1000 እንዲሆን ደንቡ ተሻሻለ። አንባቢ ሆይ፤ የጨረታን መመዘኛ ነጥብ አውጥተው የሚያውቁ እንደ ሆነ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንብዎትም። አሸናፊው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ፖስታው ከመከፈቱ በፊት፥ ነጥቡ በሚደለደልበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

በመጨረሻ ፍጥነት ራሱ ወሰኑን የነካበት ዘመን መጣ። በ1999 ሱዙኪ ሃያቡሳ የተባለውን አወጣ፤ ትርጓሜው ሌሎችን ወፎች በአየር ላይ የሚነጥቅ ጭልፊት ማለት ነው። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ይህ ተሽከርካሪ ማንም ገንዘብ ያለው ሰው ከሱቅ ገዝቶ ሊነዳው የሚችል ነበር። በአውሮፓ መንግሥታት በኩል እገዳ ይመጣል የሚል ሥጋት በተነሣ ጊዜ ታላላቆቹ ፋብሪካዎች የጨዋዎች ስምምነት በሚባለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በታች ለመቆም ተስማሙ። ለብዙ ዓመት ሲሮጡበት የነበረውን ሚዛን በገዛ እጃቸው አወረዱት።

ይህን ለማድረግ ያስገደደው ምን እንደ ሆነ ከአይል ኦፍ ማን ተራራ መንገድ ይልቅ የሚያስረዳ የለም። በ1911 አሸናፊው በዚያ መንገድ በሰዓት በአማካይ 76 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ነበር። በ2023 ፒተር ሂክማን በቢ ኤም ደብሊዩ አንዱን ዙር በአማካይ በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ፈጸመው። ፍጥነቱ ወደ ሦስት እጥፍ አደገ፤ የነጂው አጥንት ግን ያው ነው። በዚያ መንገድ ላይ በልምምድና በውድድር ከ260 በላይ ነጂዎች ሞተዋል። በ1972 ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በሞተ ጊዜ የዘመኑ ታላቅ ሻምፒዮን ጃኮሞ አጎስቲኒ ዳግመኛ በዚያ እንደማይወዳደር አስታወቀ። ከ1976 በኋላም ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጣ፤ የእንግሊዝ ተራም ወደ ሲልቨርስቶን ሜዳ ተዛወረ። በደሴቲቱ ግን ውድድሩ ራሱን ችሎ ቀጠለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው፥ ፋብሪካዎች «ማን ይበልጥ ይሮጣል?» እያሉ ሲፎካከሩ «ማን በደኅና ይቆማል?» የሚለው ሚዛን ለብዙ ዘመን ችላ ተብሎ መኖሩ ነው። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብሊዩ ፍሬን በኃይል ሲያዝ መንኰራኵር እንዳይቆለፍና እንዳይንሸራተት የሚጠብቀውን መሣሪያ በ1988 ኬ 100 በተባለው ሞተር ብስክሌት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ አቀረበ። በዚያን ጊዜ መሣሪያው ክብደትና ዋጋ የሚጨምር ነገር ነበረ፤ በፍጥነት ሚዛን ላይ ቢቀመጥ አንዳች ነጥብ አያስገኝም ነበር። ሆኖም በ2016ና በ2017 የአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሴንቲ ሜትር ኩብ በላይ የሆነ አዲስ ሞተር ብስክሌት ሁሉ ይህን መሣሪያ እንዲይዝ በሕግ አስገደደ። በ1988 እንደ ትርፍ ጌጥ የታየው ነገር ከሠላሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግዴታ ሆነ። በዚህ ምክንያት ወደ ቤታቸው የተመለሱት ሰዎች ስም በማናቸውም የአሸናፊዎች መዝገብ ላይ አይገኝም።

ስለዚህ፥ ክቡር አንባቢ ሆይ፥ አንድ ሰው መጥቶ «ከሆንዳና ከዱካቲ፥ ከያማሃና ከቢ ኤም ደብሊዩ የቱ ይበልጣል?» ብሎ ቢጠይቅዎ ለመመለስ አይቸኩሉ። መንገዱ ሜዳ ነው ወይስ ዳገት? የሚነዳው ጀማሪ ነው ወይስ የሠለጠነ? የተፈለገው አንድ ቀን ለማሸነፍ ነው ወይስ አሥር ዓመት ለማገልገል? በመጨረሻስ ነጂውን በሕይወት ወደ ልጆቹ የሚመልሰው የትኛው ነው? እነዚህን ጠይቀው መልስ ያገኙ ጊዜ የፋብሪካው ስም ራሱ መጥቶ ከፊትዎ ይቆማል። ይህም ነገር ለሞተር ብስክሌት ብቻ የተነገረ አይደለም። በጠረጴዛችን ላይ የሰውና የዕቃ፥ የሥራና የዋጋ ማወዳደሪያ ወረቀት በተዘረጋ ቍጥር ብዕራችንን ከማንሣታችን አስቀድሞ ሚዛናችንን እንመርምር።